ገብስና ባቄላ ባለበት አገር የሚቀነጭሩ ልጆች፦ የመንዝ ትምህርት ቤቶች ስለ ምግብና ስለ አካል ብቃት ምን ያስተምሩ?

የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ርዕሰ ከተማ ዘመሮ የምትገኘው ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ አተርና ምስር በሚበቅልበት፣ የመንዝ በግ በሚረባበት ደጋ ላይ ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የሚኖር አርሶ አደር ቆላና ደጋውን እያፈራረቀ እህልና ጥራጥሬ፣ በግና ዶሮ፣ ቅቤና ማር ለገበያ ያቀርባል። የአማራ ክልልም በሰብል ምርት ከአገሪቱ ግንባር ቀደም ክልሎች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ እህል ያለበት ቤት ሁሉ በሚገባ ያደገ ልጅ አለበት ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የአማራ ክልል ሕፃናት 46 በመቶው መቀንጨራቸውን አሳይቷል። የአገሪቱ አማካይ በዚያው ጊዜ 38 በመቶ ነበር። ክልሉ በሰብሉ ከፊተኞቹ ተርታ ሲሰለፍ፣ በመቀንጨር ደግሞ ከክልሎች ሁሉ የከፋውን አኃዝ ይዞ ተገኘ።

ይህ ተቃርኖ ለትምህርት ቤቶች የሚያቀርበው ጥያቄ አለ። ልጆችን ስለ ጤናማ አመጋገብና ስለ አካል ብቃት ማስተማር በከተማ ለሚኖሩና ለሚወፍሩ ልጆች ብቻ የታሰበ ጉዳይ ተደርጎ ሲታይ ይስተዋላል። ለመንዝ ተማሪ ግን ትምህርቱ ሌላ ትርጉም አለው። በጓዳው ያለውን እህል በምን መልኩ ቢመገበው ሰውነቱን እንደሚገነባለት፣ ለአቅመ አባትነትና ለአቅመ እናትነት ሲደርስም ልጁን እንዴት እንደሚያሳድግ የሚወስን ዕውቀት ነው። ትምህርቱ ፍሬ እንዲያፈራም ከሰሌዳው ወርዶ ሳህንና ሜዳ ማግኘት አለበት።

አኃዙ ምን ይነግረናል?

መቀንጨር አንድ ልጅ ለዕድሜው የሚመጥን ቁመት ሳይኖረው ሲቀር የሚሰጥ ስያሜ ነው። ጉዳቱ ግን በቁመት አያበቃም። ለረጅም ጊዜ የዘለቀ የምግብ እጥረት የአንጎልን ዕድገት ይጎዳል፣ በሽታ የመቋቋም አቅምንም ያዳክማል። በኢትዮጵያ የረኀብን ኢኮኖሚያዊ ዋጋ ያሰላውና እ.ኤ.አ በ2013 ይፋ የኾነው ጥናት፣ የሕፃናት የምግብ እጥረት አገሪቱን በአንድ ዓመት ብቻ 55 ነጥብ 5 ቢሊዮን ብር እንዳሳጣት አስልቷል። ይህም በዓመቱ ከነበረው አጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት 16 ነጥብ 5 በመቶ ነበር። በዚሁ ጥናት መሠረት ከአገሪቱ አዋቂዎች 67 በመቶው በልጅነታቸው የቀነጨሩ ናቸው። የቀነጨሩት ካልቀነጨሩት ይልቅ ከአንድ ዓመት በላይ ያነሰ ትምህርት ተምረዋል።

ከዚያ ወዲህ መሻሻል ታይቷል። መንግሥት እ.ኤ.አ እስከ 2030 የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም መገባደጃ የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ይፋ አድርጓል። እ.ኤ.አ በ2019 በተካሄደው ጥናትም የአማራ ክልል አኃዝ ወደ 41 በመቶ ዝቅ ብሏል። ያም ኾኖ ከአምስት ሕፃናት ሁለቱ እንደቀነጨሩ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ መኾን ይገባዋል። መቀንጨር በአመዛኙ የሚፈጠረው ከጽንሰት አንሥቶ ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ባሉት አንድ ሺህ ቀናት ውስጥ ነው። አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ያን ጊዜ አልፎታል። ታዲያ ትምህርት ቤት ምን ሊያደርግ ይችላል? መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከዐሥር ዓመት ዕድሜ በኋላ የሚመጣው ፈጣን ዕድገት ሰውነት እንደገና ብዙ ምግብ፣ በተለይም ፕሮቲንና ብረት፣ የሚፈልግበት ወቅት መኾኑ ነው። ሁለተኛውና ዋነኛው፣ ዛሬ ስምንተኛ ክፍል የተቀመጠች ልጅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እናት፣ ከጎኗ የተቀመጠው ልጅም አባት መኾኑ ነው። በሚቀጥለው ትውልድ አንድ ሺህ ቀናት ውስጥ ገበታው ላይ ምን እንደሚቀርብ የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። ከዚያም በፊት ቢኾን ታናናሾቻቸውን የሚያበሉት ብዙውን ጊዜ ታላላቆቹ ናቸው።

በእጅ የያዙት ወርቅ

አብዛኛው የአገራችን ተማሪ ምግብ በሦስት እንደሚከፈል ያውቃል፦ ኃይል ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢና በሽታ ተከላካይ። ፈተና ላይም በትክክል ይመልሳል። ይሁንና ለሰውነት ገንቢ ምሳሌው ዓሣና ሥጋ፣ ለበሽታ ተከላካይ ምሳሌው ብርቱካንና ሙዝ ብቻ ኾኖ ከቀረበለት፣ የደጋው ልጅ የሚደርሰበት ድምዳሜ አንድ ነው፤ ጤናማ ምግብ ማለት እኛ ቤት የሌለ ምግብ ነው ይላል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ የቤቱን ገብስና ባቄላ የድኻ ምግብ አድርጎ ማየት ይጀምራል።

እውነታው ግን ከዚህ የራቀ ነው። ገብስ በአሰር የበለጸገ እህል ነው። በውስጡ ያለው ቤታ ግሉካን የተባለ የሚሟሟ አሰር የደም ቅባትን እንደሚቀንስ በሳይንስ ተረጋግጧል። ባቄላ ከክብደቱ አንድ አራተኛ ያህሉ ፕሮቲን ነው። የእህልና የጥራጥሬ ጥምረት ደግሞ ከሁለቱ ተነጣጥሎ መበላት ይበልጣል። የእህል ፕሮቲን ላይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ይጎድለዋል፤ ጥራጥሬ ያን በብዛት ይዟል። ጥራጥሬ የሚጎድለውን ደግሞ እህል ያሟላል። እንጀራ በሽሮ፣ ስንዴና ባቄላ የተቀላቀለበት ንፍሮ፣ ገብስና ሽምብራ የተቀላቀለበት ቆሎ ሳይንሱ ከመታወቁ በፊት እናቶች የደረሱበት ጥምረት ነው።

አሠራሩም ትምህርት ነው። ጥራጥሬ ፋይቴት የሚባል፣ ብረትንና ዚንክን ይዞ ሰውነት እንዳይጠቀምባቸው የሚያደርግ ንጥረ ነገር አለው። እህሉ ሲዘፈዘፍ፣ ሲበቅልና ሲቦካ የዚህ ንጥረ ነገር መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ በቆልት የምግብ ጥቅሙ ካልበቀለው ባቄላ የተሻለ ነው። የቦካ ሊጥ እንጀራም ካልቦካ ቂጣ የበለጠ ብረት ለሰውነት ይለቃል። ተልባ ለልብና ለአንጎል የሚጠቅም ኦሜጋ ሦስት የተባለ ቅባት አለው። በጓሮ የሚበቅለው ጎመን፣ ካሮትና ዱባ ለዓይን ብርሃን የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ኤ ይሰጣሉ። ከመርሐቤቴ ቆላማ ቀበሌዎችና ከጀማ ሸለቆ ወደ ደጋው ገበያ የሚወጣ ሎሚና ፍራፍሬም የደጋው ገበታ የሚጎድለውን ቫይታሚን ሲ ያሟላል።

አንድ መምህር ይህን ለማስተማር የሚያስፈልገው መሣሪያ ከእያንዳንዱ ተማሪ ቤት የሚመጣ አንድ እፍኝ እህል ነው። ባቄላ በሦስት ቀን ውስጥ በክፍል ውስጥ ሊበቅል ይችላል። ያን ያየ ልጅ የተማረውን ለእናቱ ይነግራል፤ እናቱም ልጇ የነገራት የራሷ ጓዳ ዕውቀት መኾኑን ስትሰማ አታጣጥለውም።

ዕውቀቱ የሚሰበርበት ቦታ

የቤት ምግብ ጥሩ ከኾነ ልጆች ለምን ይቀነጭራሉ? የመጀመሪያው ምክንያት ብዛቱ ሳይኾን ስብጥሩ ነው። በ2016ቱ ጥናት ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ካሉ የአገሪቱ ሕፃናት በበቂ የተለያየ ምግብ የተመገቡት 14 በመቶው ብቻ ነበሩ። እንጀራው አለ፤ ከእንጀራው ጋር የሚቀርበው ግን ቀጭን ነው። ዶሮ ያለው ቤት እንቁላሉን፣ ላም ያለው ቤት ቅቤውን ለገበያ ያወጣል። በተገኘው ገንዘብ ጨው፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙናና ደብተር ይገዛል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ጥሬ ገንዘብ የሚገኝበት መንገድ ጠባብ በመኾኑ የሚደረግ ውሳኔ ነው። ነገር ግን ከሣምንቱ እንቁላል ሁለቱን ወይም ሦስቱን ለሕፃኑ ማስቀረት ቤቱን አያከስርም። ይህን ስሌት ለወላጅ ማሳየት የትምህርቱ አካል ሊኾን ይገባል።

ሁለተኛው ምክንያት በደም ማነስ ይገለጣል። በዚያው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 57 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። በደጋ የሚኖር ሰው አየሩ ስስ በመኾኑ ለሰውነቱ ኦክስጅን ለማድረስ ከቆላው ሰው የበለጠ ቀይ የደም ቀለም ያስፈልገዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም የደም ማነስን መለኪያ እንደ ቦታው ከፍታ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ለመንዝ ልጅ ብረት ከሌላው ይበልጥ አሳሳቢ ነው። ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲጠጣ ብረቱን ሰውነት እንዳይወስደው ይከለክላል። ሻዩን ከምግብ ሰዓት አንድ ሰዓት ያህል ማራቅ፣ በወጡ ላይ ሎሚ ወይም ቃሪያ መጨመር ብዙ ወጪ የሌለው መፍትሔ ነው። የሆድ ትልም ደምና ምግብ ይቀማል። ትምህርት ቤቶች በየጊዜው የሚሰጠውን የትል መድኃኒት ከእጅ መታጠብና ከመጸዳጃ ቤት አጠቃቀም ትምህርት ጋር ሲያያይዙት ጥቅሙ ይዘልቃል። ጨውም በአዮዲን የበለጸገ መኾኑን አይቶ መግዛት፣ ከብርሃንና ከእርጥበት ጠብቆ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር እንቅርትን ይከላከላል።

ሦስተኛው አዲስ መጥ ነው። በከተሞችና በመንገድ ዳር በሚገኙ ትምህርት ቤቶች በር ላይ ከረሜላ፣ ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ ይሸጣል። ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ በኪሱ ያለችውን ብር ለእነዚህ ያውላል። በበሶና በቆሎ የሚያፍር፣ በፕላስቲክ በታሸገው የሚኮራ ልጅ እየተፈጠረ ነው። ይህ መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2016ቱ ጥናት በአዲስ አበባ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከኾኑ ሴቶች 30 በመቶው ከመጠን በላይ ክብደት ነበራቸው። የአገሪቱ አማካይ 8 በመቶ ብቻ ነበር። በልጅነቱ የተራበ ሰውነት በጉልምስናው ስኳርና ቅባት ሲበዛበት፣ ለስኳር በሽታና ለደም ግፊት ይበልጥ እንደሚጋለጥ የሕክምናው ዓለም ያውቃል። የመንዝ ገበሬ ልጅ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲገባ የሚጠብቀው ይህ ነው።

የጾሙንም ጉዳይ አለማንሣት አይቻልም። አካባቢው ጾም የሚከበርበት ነው። ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንደማይጾሙ የታወቀ ቢኾንም፣ ቤቱ ሁሉ ሲጾም ለሕፃኑ ብቻ ወተትና እንቁላል የማዘጋጀቱ ነገር ይረሳል። ለሚጾሙት ተማሪዎችም ትምህርቱ ከጾሙ ጋር የሚጣላ ሳይኾን ጾሙን የሚደግፍ መኾን አለበት፤ ጥራጥሬ፣ ተልባ፣ ሱፍና ጎመን የበዛበት የጾም ገበታ እንዴት እንደሚሟላ ማሳየት ይገባዋል። በዚህ ረገድ የሃይማኖት አባቶች ቃል ከማንኛውም ባለሙያ ምክር ይበልጥ ይሰማል።

የገበሬ ልጅ ስፖርት ምን ይሠራለታል?

የአካል ብቃት ትምህርት ሲነሣ ብዙ ወላጆች የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ለመድረስ ዳገትና ቁልቁለት ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ሲመለስም ከብት ይጠብቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በልጁ ማንነት ይለያያል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ ልብን የሚያፈጥን እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በዓለም ላይ ከ11 እስከ 17 ዓመት ከኾኑ ልጆች 81 በመቶው ይህን እንደማያሟሉ እ.ኤ.አ በ2019 የወጣው የድርጅቱ ጥናት አመልክቷል። ሩቅ መንገድ በእግሩ የሚሄድ የገጠር ልጅ ይህን በቀላሉ ሊያሟላ ይችላል። ከትምህርት ቤት ጎን የሚኖር የከተማ ልጅ ግን ላያሟላ ይችላል። የከተማ አስተዳደሮች ለልጆች መጫወቻ የሚኾን ቦታ ሳያስቀሩ መሬት ሁሉ ለቤትና ለሱቅ ሲመሩ ልዩነቱ ይሰፋል። አዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ መንገድ እየዘጋች ነዋሪዎቿን ስፖርት ማሠራት የጀመረችው ቦታ ከጠበበ በኋላ ነው። ገና በማደግ ላይ ያሉት እንደ ዘመሮ ያሉ ከተሞች ሜዳቸውን ከወዲሁ ቢያስከብሩ ያንን ችግር ያመልጡታል።

ሥራና ስፖርት ግን አንድ አይደሉም። ውኃ በጀርባዋ የምታመላልስ፣ ኩበትና እንጨት የምትሸከም ልጅ ሰውነቷ ይደክማል እንጂ ተመጣጥኖ አይጎለብትም። ወንድሟ ሜዳ ላይ ኳስ ሲመታ እርሷ ወደ ቤት ሥራ ትጠራለች። የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ለብዙ ልጃገረዶች በሳምንት ውስጥ በነፃነት የሚሮጡበትና የሚዘሉበት ብቸኛ ሰዓት ነው። ይህ ክፍለ ጊዜ ለሌላ ትምህርት ማካካሻ ሲውል፣ ወይም መምህሩ አንድ ኳስ ወርውሮ ወንዶቹን ሲያጫውት ሴቶቹ ዳር ቆመው ሲመለከቱ የሚጎዱት እነርሱ ናቸው።

ለዚህም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የገና ጨዋታ ሩጫን፣ ቅልጥፍናንና የቡድን ስሜትን ያስተምራል፤ የሚፈልገውም ከዛፍ የተቆረጠ በትርና አንድ ሩር ብቻ ነው። ገመድ ዝላይ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ትግልና የሜዳ ሩጫ እያንዳንዳቸው የተለያየ የሰውነት ክፍል ያጠነክራሉ። በ1952 ዓ.ም መጨረሻ በሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ሻምበል አበበ ቢቂላ የተወለደው በዚሁ በሰሜን ሸዋ ምድር፣ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። በ1957 ዓ.ም መግቢያም በቶኪዮ ድሉን ደገመው። ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ቁም ነገር ሁሉም ልጅ አትሌት ይኾናል ማለት አይደለም፤ የደጋው አየርና ዳገት በትክክል ከተመገቡና ከተለማመዱ ሀብት መኾናቸውን ማወቅ ነው። ሆዱ ባዶ የኾነ ልጅ ግን በዚያው አየር ይዝላል። አመጋገብና አካል ብቃት በአንድ ላይ መሰጠት ያለባቸውም ስለዚህ ነው።

ምገባው ርዳታ ወይስ ትምህርት?

የተማሪዎች ምገባ በኢትዮጵያ የተጀመረው እ.ኤ.አ በ1994 በዓለም የምግብ ፕሮግራም ድጋፍ ነበር። ያኔ እህሉ በአብዛኛው ከውጭ ይመጣ ነበር። እ.ኤ.አ ከ2012 ጀምሮ ደግሞ በአካባቢ ከሚመረት እህል የሚዘጋጅ ምገባ በደቡብና በኦሮሚያ ተሞከረ። በ2012 ዓ.ም የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በራሱ በጀት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ጀመረ፤ ዛሬ ተጠቃሚዎቹ በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ። በ2014 ዓ.ም ደግሞ የመጀመሪያው አገራዊ የአመጋገብ መመሪያ ወጣ።

በዓለም ላይ ሁለት ተሞክሮዎች ለአካባቢያችን ይቀርባሉ። ብራዚል እ.ኤ.አ በ2009 ባወጣችው ሕግ፣ መንግሥት ለተማሪዎች ምገባ ከሚመድበው ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከአነስተኛ ገበሬዎች ምርት ለመግዛት እንዲውል ደነገገች። በዚህም ትምህርት ቤት ለገበሬው አስተማማኝ ገበያ ኾነ። ጃፓን ደግሞ የተማሪዎችን ምሳ ከ1954 እ.ኤ.አ ጀምሮ በሕግ አጽንታ፣ እ.ኤ.አ በ2005 የምግብ ትምህርትን የሚመለከት መሠረታዊ ሕግ አውጥታለች። ልጆቹ ምሳውን ራሳቸው ያቀርባሉ፣ ራሳቸው ያጸዳሉ፤ ምግቡ ከየት እንደመጣ ይማሩበታል። በዚያ አገር ምሳ ክፍለ ጊዜ ነው እንጂ ዕረፍት ብቻ አይደለም።

ይህን ወደ ደጋው እናምጣው። አምስት መቶ ተማሪዎች ያሉት ትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ ልጅ በቀን 100 ግራም ገብስ፣ በበሶ ወይም በቅንጬ መልክ፣ እና 30 ግራም ባቄላ ቢያቀርብ በቀን 50 ኪሎ ገብስና 15 ኪሎ ባቄላ ያስፈልገዋል። በዓመት 180 የትምህርት ቀናት ብንወስድ 90 ኩንታል ገብስና 27 ኩንታል ባቄላ ይኾናል። ከእያንዳንዱ ቤት ሁለት ልጆች ይማራሉ ብንል ለ250 ቤተሰብ ሲካፈል፣ በዓመት ለአንድ ቤት 36 ኪሎ ገብስና 11 ኪሎ ገደማ ባቄላ ይደርሳል። ይህች ትንሽ ድርሻ ለአንድ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ በቀን ከሚያስፈልገው ፕሮቲን ከግማሽ በላዩን ትሸፍናለች። ማገዶ፣ ውኃ፣ ዘይት፣ ጨውና የምግብ አብሳይ ክፍያ ከዚህ በላይ ናቸው። ያም ቢኾን ዋናው ግብዓት ከሩቅ የሚጫን ሳይኾን ከጎረቤት ጎተራ የሚሰፈር ነው።

ይህ ስሌት ሸክሙን ሁሉ በገበሬው ላይ ለመጣል አይደለም። አቅም ያለው በዓይነት ቢያዋጣ፣ አቅም የሌለው በማገዶ ወይም በጉልበት ቢያግዝ፣ ወረዳውና ክልሉ ደግሞ የጎደለውን በበጀት ቢሞሉ ይመረጣል። ለማያዋጣ ቤተሰብ ልጅ ምግብ መከልከል ግን የምገባውን ዓላማ ያፈርሳል፤ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለእርሱ ነውና።

የማይካዱ ዕንቅፋቶች

ጥሩ ዕቅድ ነባራዊውን ሁኔታ ካላየ ከወረቀት አያልፍም። የመጀመሪያው ዕንቅፋት ሰላም ነው። ከ2015 ዓ.ም መገባደጃ ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ተጎድተዋል። በ2017 የትምህርት ዘመን በክልሉ ከትምህርት ገበታ ውጭ የኾኑት ልጆች ከ4 ሚሊዮን በላይ እንደነበሩ ተገልጿል። ትምህርት ቤት ያልመጣ ልጅ ሥነ ምግብንም፣ ሰውነት ማጎልመሻንም አይማርም። ከሁሉ በፊት ትምህርት ቤቶች ከማንኛውም ወገን ጥቃት ተጠብቀው መከፈት አለባቸው። እስከዚያው ድረስ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና የግብርና ባለሙያዎች ልጆችን ባሉበት ሊደርሷቸው ይችላሉ። ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱም ምገባ ያለበት ትምህርት ቤት ልጆችን ፈጥኖ እንደሚመልስ የብዙ አገሮች ልምድ ያሳያል።

ሁለተኛው ተፈጥሮ ነው። የመንዝና የግሼ ደጋ ብዙ ተስፋ የሚጥለው በበልግ ዝናብ ላይ ነው። በልጉ ሲቀር፣ ውርጭና በረዶ ማሳውን ሲመታ ጎተራው ይጎድላል። ትምህርት የሚጀመርበት መስከረም ደግሞ የመኸሩ ሰብል ያልደረሰበት፣ ጓዳ የሚሳሳበት ወር ነው። ስለዚህ ለምገባ የሚዋጣው እህል በጥርና በየካቲት፣ ምርቱ በተሰበሰበበት ጊዜ ተሰብስቦ ከነቀዝና ከእርጥበት ተጠብቆ መቀመጥ ይኖርበታል። ባዶ ጎተራ ላለው ቤት ደግሞ ስለ ተመጣጠነ ምግብ መስበክ ብቻውን ንቀት ነው። ዕውቀት ካለው ነገር ላይ ያበዛል እንጂ ከባዶ አይፈጥርም። በክፉ ዘመን የመንግሥትና የረጂዎች ድጋፍ በወቅቱ መድረስ አለበት። ችግር ሲጠና ሰው ወደ ጓያ እንደሚያዘነብልም ይታወቃል። ጓያ ድርቅን የሚቋቋም ቢኾንም፣ ለወራት ብቻውን ሲበላ እግርን እንደሚያሽመደምድ፣ ከእህልና ከሌላ ጥራጥሬ ጋር ተደባልቆ መበላት እንዳለበት ልጆች በትምህርት ቤት ሊያውቁት ይገባል።

ሦስተኛው ውኃና መምህር ነው። ውኃ የሌለው ትምህርት ቤት አትክልት አያለማም፣ እጅም አያስታጥብም። ሥነ ምግብ የተማረ መምህርም በየትምህርት ቤቱ አይገኝም። ነገር ግን በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አለች፤ የግብርና ባለሙያም አለ። በወር አንድ ጊዜ በትምህርት ቤት ተገኝተው ከሳይንስ መምህሩ ጋር ቢያስተምሩ ክፍተቱ ይጠባል። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልም በዞኑ ውስጥ ይገኛሉ። ለደጋው የተሻሻለ የገብስና የባቄላ ዘር፣ ለትምህርት ቤት ጓሮ የሚኾን አትክልት ከእነርሱ መጠየቅ ይቻላል።

ከየት ይጀመር?

ትምህርት ቤቶች ያለ ተጨማሪ በጀት ዛሬውኑ ሊያደርጉት የሚችሉት አለ። የሰውነት ማጎልመሻን ክፍለ ጊዜ ለሌላ ትምህርት አለማዋል፣ ልጃገረዶች በእኩል እንዲሳተፉበት ማድረግ፣ የምግብ ትምህርቱን በአካባቢው እህል ምሳሌ ማስተማርና ከትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚሸጠውን መቆጣጠር ገንዘብ አይጠይቅም። በከረሜላው ፈንታ ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ድንችና እንቁላል የሚሸጡ የአካባቢው እናቶች ቦታ ቢሰጣቸው ልጁም፣ እናቶቹም ይጠቀማሉ። የወላጅ መምህር ኅብረት የትምህርት ቤቱን ጓሮና የእህል ማከማቻ በኃላፊነት ሊረከብ ይችላል። የወረዳው ትምህርት፣ ጤናና ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ በየፊናቸው ከሚያቅዱ በአንድ ዕቅድ ቢገናኙ፣ የአንድ ልጅ ቁመት፣ ክብደትና የትምህርት ውጤት በአንድ መዝገብ ይታያል። ያኔ ሥራው ለውጥ ማምጣቱ በልክ ይታወቃል።

ለወላጆችም የቀረ ድርሻ አለ። ልጅን ቁርስ ሳይበላ ወደ ትምህርት ቤት አለመላክ፣ አንድ እፍኝ ቆሎ ወይም በሶ ቋጥሮ መስጠት፣ ከገበያ ከሚሄደው እንቁላል ጥቂቱን ለልጆች ማስቀረት፣ ልጃገረዷን ከሸክሙ ለጥቂት ሰዓት አሳርፎ ከእኩዮቿ ጋር እንድትጫወት መፍቀድ ለማንም ቤት የሚከብድ አይደለም።

መንዝ የጋራ ሀብትን በራሱ ሕግ በመጠበቅ ስም ያተረፈ አገር ነው። የጓሳን ሣር ለብዙ ዓመታት ከልሎ፣ ጊዜው ሲደርስ በሥርዓት ከፍቶ፣ ጥሶ የተገኘውን እየቀጣ ከ400 ዓመታት ያላነሰ ጊዜ ያቆየው ሕዝብ የማንንም መመሪያ ጠብቆ አልነበረም። ሣሩ ለቤቱ ክዳን፣ ለከብቱም ቀለብ መኾኑን ስላወቀ ነው። የትምህርት ቤት ጎተራ፣ ጓሮና ሜዳም በዚያው ዓይነት የጋራ ሕግ ሊጠበቁ ይችላሉ። ዘንድሮ በዘመሮና በአካባቢዋ አንደኛ ክፍል የሚገቡ ልጆች ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ ቁመታቸውና ጤንነታቸው ምን ይመስላል? መልሱ አሁን የወላጅ መምህር ኅብረቶችና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች በሚወስኑት ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ነው።